የስልክ ቁጥር ቁጥር አይደለም

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ሰንጋ ተራ ወይም ወደ ሳር ቤት የሚጓዝ ሰው ዐይኑን ወደ ሱቆችና ወደ መሥሪያ ቤቶች ሰሌዳዎች ቢያነሣ፣ የስልክ ቁጥር በስንት ዓይነት መንገድ እንደሚጻፍ ለመታዘብ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። አንዱ ሰሌዳ 011 ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው +251 11 ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱን አደባልቆ +251 (0)11 ብሎ ይጽፋል፤ አራተኛው ደግሞ መነሻውን ሁሉ ትቶ ሰባት አሃዞችን ብቻ ያሰፍራል። መንገደኛው ግን በዚህ አይደናገርም። የጎደለውን በልማድ ይሞላል፤ የተረፈውን በልማድ ይተዋል። ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ልማድ የለውም። የሚመራው ሰው በጻፈለት ሕግ ብቻ ነው፤ ሕጉን የጻፈው ሰው የዘነጋውን ነገር ኮምፒውተሩ ከየትም አያመጣውም።

ዛሬ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ የባንክ ማረጋገጫ፣ የሞባይል ገንዘብና የሥራ ማመልከቻ ሁሉ በስልክ ቁጥር ላይ ተንጠልጥለዋል። በአገራችን የስልክ ቁጥር ከቤት ቁጥርና ከፖስታ ሣጥን ቁጥር ይልቅ የሰው ዋነኛ አድራሻ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ «አንድ ፕሮግራም የስልክ ቁጥርን ፈትቶ የሚያነበው እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት የሚከተለው ነው፦ የስልክ ቁጥር መጠን የሚገለጽበት ቁጥር ሳይሆን፣ ቦታና ጊዜ ያለው ስም ነው። በመሆኑም ሙሉ ስሙ ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባል፤ የአነባበቡም ሕግ በየፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ከሚቀበር ይልቅ በግልጽ ተጽፎ ሊጠበቅ ይገባል። ይህን የማድረግ ኃላፊነት ደግሞ በቅድሚያ የእኛ የአገሩ ሰዎች ነው።

011 የት ነው?

ለሕዝብ የታወቀ አንድ ቁጥር እንውሰድ። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ስልክ ከአገር ውስጥ ለሚደውል ሰው 011 551 77 00 ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያዋ ዜሮ የአገር ውስጥ መደወያ መነሻ ናት። እርሷ የቁጥሩ አካል አይደለችም፤ ለስልክ ማዞሪያው «ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የአካባቢ ኮድ ነው» የምትል ምልክት ናት። ቀጥሎ ያለው 11 የአዲስ አበባ ኮድ ነው። የቀሩት ሰባት አሃዞች የደንበኛው ናቸው። ከውጭ አገር የሚደውል ሰው ዜሮዋን ይጥልና በምትኩ የአገራችንን ኮድ ያስቀድማል፤ ቁጥሩም +251 11 551 77 00 ይሆናል።

አሁን 011 551 77 00 የሚለውን ጽሑፍ አንድም አሃዝ ሳንለውጥ ወደ ዋሽንግተን እንውሰደውና ከዚያ እንደውለው። በሰሜን አሜሪካ 011 ወደ ውጭ አገር መደወያ ኮድ ነው። ማዞሪያው 011ን ሲቀበል ደዋዩ ከአገር ሊወጣ መሆኑን ይረዳና የአገር ኮድ ይጠብቃል። ቀጥሎ የሚያገኘው 55 ነው፤ 55 ደግሞ ብራዚል ናት። አዲስ አበባን የፈለገ ሰው በብራዚል ደጃፍ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ከዋሽንግተን በትክክል ለመደወል 011 251 11 551 77 00 ማለት ያስፈልጋል። በዚህ ረጅም ቁጥር ውስጥ የመጀመሪያው 011 የአሜሪካ መውጫ በር ሲሆን፣ ከ251 በኋላ ያለው 11 የአዲስ አበባ መግቢያ በር ነው። ከዚህም በላይ ጆሃንስበርግም፣ ኒው ዴልሂም፣ ቦነስ አይረስም በየአገራቸው ውስጥ 011 ተብለው የሚደወሉ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ «011 የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ «ጠያቂው የት ቆሞ ነው?» ከሚለው በስተቀር ትክክለኛ መልስ የለውም።

ይህ ነገር ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም። በሜክሲኮ ላይ በሚያልፈው ቀላል ባቡር ውስጥ ለተቀመጠ ተሳፋሪ አጠገቡ ያለው ሰው አይንቀሳቀስም፤ አደባባዩ ላይ ለቆመ ተመልካች ግን ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ። ፍጥነትን ከመናገራችን በፊት «ከማን አንጻር?» ብለን እንጠይቃለን። በዜሮ የሚጀምር የስልክ ቁጥርም እንዲሁ አንጻራዊ ነው፤ የተመልካቹ ቦታ ካልታወቀ ትርጉም አይሰጥም። በ+251 የሚጀምረው ግን ዓለም በጋራ የተስማማበት የማመሳከሪያ ሥርዓት ውስጥ የተጻፈ ነው። የመደመር ምልክቷ «እዚህ ላይ ያለህበትን አገር መውጫ ኮድ ተካ» ማለት ናት፤ ኢትዮጵያ ውስጥ 00፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ 011። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት «ኢ.164» በሚለው ደንቡ ይህን ሥርዓት ሲደነግግ፣ የአገር ኮዱን ጨምሮ ማንኛውም ቁጥር ከ15 አሃዝ እንዳይበልጥ ወስኗል።

ማዞሪያው መነሻ ለምን አስፈለገው?

ስልክ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ሲገባ የቁጥር ትንተና የሚባል ችግር አልነበረም። በማዞሪያው ላይ የተቀመጠው ሰው የተጠራውን ቤት ያውቀዋል፤ ካላወቀም ይጠይቃል። ችግሩ የመጣው ማዞሪያው ከሰው ወደ መሣሪያ ሲዛወር ነው። አልሞን ስትሮውጀር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1891 ፓተንት ያገኘበት አውቶማቲክ ማዞሪያ ከደዋዩ በሚመጣ የኤሌክትሪክ ምት እየተገፋ ደረጃ በደረጃ የሚንቀሳቀስ ነበር። ኋላ በመጣው ተሽከርካሪ መደወያ፣ በአብዛኞቹ አገሮች 1 ሲደወል አንድ ምት፣ 9 ሲደወል ዘጠኝ ምት፣ 0 ሲደወል ደግሞ አሥር ምት ይላካል። መሣሪያው እያንዳንዱን አሃዝ እንደደረሰው ይሠራበታል እንጂ ቁጥሩ እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም። መጨረሻውንም አስቀድሞ አያውቅም።

ከዚህ አሠራር አንድ ብርቱ ሕግ ይወለዳል፦ አንዱ ኮድ የሌላው ኮድ መነሻ መሆን የለበትም። 1 የሰሜን አሜሪካ ኮድ ስለሆነ በ1 የሚጀምር ሌላ የአገር ኮድ የለም። 7ን ሩሲያና ካዛክስታን ስለያዙት በ7 የሚጀምር ሌላ የለም። 20 የግብፅ፣ 27 የደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ 251 የእኛ፣ 252 የሶማሊያ፣ 253 የጅቡቲ፣ 254 የኬንያ ነው። 25 ብቻውን ለማንም አልተሰጠም፤ ቢሰጥ ኖሮ ማዞሪያው ከ25 በኋላ 1 ሲመጣ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን መወሰን አይችልም ነበር። የመረጃ ንድፈ ሐሳብ ተማሪዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ሊዮን ክራፍት እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳሳየው፣ ኮዶቹ እንዲህ ሳይጋጩ እንዲኖሩ የድርሻቸው ድምር ከ1 መብለጥ የለበትም። ባለ አንድ አሃዝ ኮድ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን ይወስዳል፤ ባለ ሁለት አሃዝ አንድ መቶኛውን፤ እንደ 251 ያለው ባለ ሦስት አሃዝ ደግሞ አንድ ሺሕኛውን። አጭር ኮድ ለያዘው ይመቻል፤ ለሌሎች የሚተርፈውን ቦታ ግን ያጠብባል።

የአገር ውስጥ መነሻዋ ዜሮም ሥራዋ ይኸው ነው። የደንበኛ ቁጥር በዜሮ አይጀምርም፤ ስለዚህ ዜሮ ስትመጣ ማዞሪያው «ይህ የሠፈር ጥሪ አይደለም» ብሎ በሩን ይከፍታል። ሁለት ዜሮ ሲከታተሉ ጥሪው ከአገር ይወጣል። የፖሊስ 991 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 በ9 ይጀምራሉ፤ የሞባይል ቁጥርም ዜሮዋ ስትነሣ በ9 ይጀምራል። ሲደወሉ ሁለቱን ወገኖች ከመነሻው የምትለያቸው ያችው ዜሮ ናት። ዜሮዋ ከቁጥሩ አካል ውጭ ብትሆንም ሥራ ፈት አይደለችም።

ያው አሃዝ፣ ሌላ ዘመን

እስካሁን ያየነው የቦታን ነገር ነው። ጊዜም የራሱ ድርሻ አለው። የአፍሪካ ኅብረት ከመመሥረቱ በፊት በዚያው ሥፍራ የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስልክ 51 77 00 ነበር፤ ከውጭ አገር ሲደወል ደግሞ 251 1 51 77 00። መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) የኢትዮጵያ የስልክ ቁጥር ሥርዓት ተለወጠ። ስድስት አሃዝ የነበረው የደንበኛ ቁጥር ሰባት ሆነ፤ 51 77 00 ከፊቱ 5 ተጨምሮለት 551 77 00 ተባለ። የአካባቢ ኮዶችም አንድ አንድ አሃዝ ጨመሩ፦ የአዲስ አበባ 01 ወደ 011፣ የድሬዳዋ 05 ወደ 025፣ የጅማ 07 ወደ 047፣ የባሕር ዳር 08 ወደ 058። ቀድሞ 09 እና ስድስት አሃዝ የነበረው የሞባይል ቁጥር 0911 እና ስድስት አሃዝ ሆነ። 0911 የያዘ ሰው የጥንት ደንበኛ ተደርጎ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። የለውጡ ምክንያት በቀላል ስሌት ይገኛል፤ በስድስት አሃዝ ከአንድ ሚሊዮን የበለጠ የተለያየ ቁጥር መጻፍ አይቻልም፤ በሰባት አሃዝ አሥር ሚሊዮን ድረስ ይቻላል።

የጅማን 07 ልብ ይሏል። እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ በ07 የሚጀምር ቁጥር ጅማ የሚገኝ መደበኛ ስልክ ሊሆን ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ሲጀምር 07 የሞባይል ቁጥሮቹ መነሻ ሆነ። እንግዲህ በአንድ አሮጌ መዝገብ ውስጥ በ07 የሚጀምር ቁጥር ያገኘ ፕሮግራም፣ መዝገቡ በየትኛው ዓመት እንደተጻፈ ካላወቀ የአንዱን ዘመን መደበኛ ስልክ ከሌላው ዘመን ሞባይል ጋር ሊያምታታ ይችላል። እዚህ ላይ የሚያድነው የአሃዞቹ ብዛት ነው፤ የቀድሞው ከነዜሮው ስምንት አሃዝ ሲሆን የአሁኑ አሥር ነው። ፊዚክስ አንድን ክስተት ለመግለጽ ቦታውንም ጊዜውንም እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የስልክ ቁጥርም ሁለቱንም ይጠይቃል።

ኤክሴል የዋጣት ዜሮ

«የስልክ ቁጥር ቁጥር አይደለም» ስንል አባባሉ ለጨዋታ የተባለ አይደለም። ማንኛውም ሰው በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል። የሁለት ሰዎች ዕድሜ አማካይ ትርጉም አለው፤ የሁለት ሰዎች የስልክ ቁጥር አማካይ ግን ምንም ትርጉም የለውም። መደመርም ሆነ ማባዛት የማይመለከተው ነገር፣ በአሃዝ ቢጻፍም፣ መጠን ሳይሆን ስም ነው። በሒሳብ 0911 እና 911 እኩል ናቸው፤ በስም ግን እኩል አይደሉም። ነገሩ ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ በራሳችን በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የሚባል ምልክት አለመኖሩ ነው። የግዕዝ አኃዝ መጠንን ለመጻፍ የተበጀ ስለሆነ ዜሮ ሳያስፈልገው ዘመናትን ኖሯል። የስልክ ቁጥር ግን ያለ ዜሮ አንድ እርምጃ አይራመድም።

አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ወላጆች ስልክ በኤክሴል መዝግቦ ያስቀምጣል እንበል። ኤክሴል በአሃዝ የተጻፈውን ሁሉ መጠን አድርጎ ስለሚያይ፣ ዓምዱ ጽሑፍ መሆኑ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ የመጀመሪያዋን ዜሮ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጥላታል። 0911 ብሎ የሚጀምረው 911 ብሎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ መዝገቡን የተረከበው ፕሮግራመር ሊያቃናው ይነሣል። የአንድ ሰው ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ በአምስት መልክ ይመጣበታል፦ በ09፣ በ9፣ በ251 9፣ በ+251 9፣ በ00251 9። አንዳንዱም +251 09 ብሎ ዜሮዋን አላስፈላጊ ቦታ ላይ አስቀርቷታል። ፕሮግራሙ እነዚህን ካላስታረቀ አንዱ ሰው አምስት ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ መልእክት ሲላክለትም ወይ አምስት ጊዜ ይደርሰዋል፣ ወይ ጨርሶ አይደርሰውም።

ለዚህ ችግር ብዙ ጀማሪዎች የሚጽፉት ሕግ አጭር ነው፦ «ቁጥሩ በ251 ከጀመረ 251ን አንሣ፤ በ0 ከጀመረ 0ን አንሣ።» በአዲስ አበባ ቁጥሮች ላይ ሲሞከር ሕጉ ያለ እንከን ይሠራል። ወደ ድሬዳዋ ሲሄድ ግን ይሰናከላል። የድሬዳዋ ኮድ 025 ነው፤ በከተማዋ ያሉ ብዙ መደበኛ ስልኮችም 025 111 ብለው ይጀምሩና አራት አሃዝ ይከተላቸዋል። ኤክሴል ዜሮዋን ሲውጣት ቁጥሩ 25 111 እና አራት አሃዝ፣ በጠቅላላው ዘጠኝ አሃዝ ሆኖ ይቀራል። አሁን መነሻው 251 ይመስላል። ፕሮግራሙም የአገር ኮድ ያገኘ መስሎት 251ን ይቆርጠዋል፤ የሚተርፈው 11 እና አራት አሃዝ ነው። የድሬዳዋው ነጋዴ ስልክ ተቆራርጦ፣ ሦስት አሃዝ የጎደለው የአዲስ አበባ ቁጥር መስሎ ይቀመጣል። ማንም አያውቅም፤ ፕሮግራሙም የስሕተት መልእክት አያሳይም።

ትክክለኛው ሕግ ከመነሻው አሃዝ ጋር ርዝመትንም ያያል። የመደመር ምልክት ወይም 00 ካለ የአገር ኮዱ በግልጽ ተነግሯልና ከዚያ ይጀመራል። ከሌለ፣ በዜሮ የሚጀምር ባለ አሥር አሃዝ የአገር ውስጥ አጻጻፍ ነው፤ ዜሮዋ ትነሣለች። ባለ ዘጠኝ አሃዝ ዜሮዋ የወደቀችበት ነው፤ አይቆረጥም። በ251 የሚጀምር ባለ አሥራ ሁለት አሃዝ ብቻ ነው የአገር ኮዱን የያዘው። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ ቁጥር በግምት አይቃናም፤ ሰው ሊያየው ይገባል።

ሌላው ሜክሲኮ

የእኛው ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው፣ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ወረራውን ከተቃወሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ለሆነችው ለሜክሲኮ መታሰቢያ ነው። በሜክሲኮ ከተማም በአንጻሩ ኢትዮጵያ የሚል ስም ያለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ይህች ወዳጅ አገር በስልክ ቁጥር ረገድ ያሳለፈችው ታሪክ ለእኛ ትምህርት ይሆናል።

በሜክሲኮ ከመደበኛ ስልክ ወደ ሌላ ከተማ ለመደወል 01 ይቀድም ነበር። በአንድ አካባቢ ወዳለ ሞባይል ለመደወል 044፣ ወደ ሌላ አካባቢ ሞባይል ለመደወል 045 ያስፈልግ ነበር። ከውጭ አገር ወደ ሞባይል ሲደወል ደግሞ ከአገሪቱ ኮድ ከ52 በኋላ 1 ይጨመር ነበር። አንድ ሰው አንድ ሞባይል ይዞ፣ ደዋዩ እንደቆመበት ቦታ በአራት ዓይነት መንገድ ይጠራል ማለት ነው። አገሪቱ እነዚህን መነሻዎች ሁሉ ነሐሴ 3 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. አስቀረችና ሁሉም ጥሪ በአሥር አሃዝ ብቻ እንዲሆን አደረገች። ሕጉ በአንድ ቀን ቢለወጥም፣ በሰው ስልክ ውስጥና በመዝገብ ውስጥ የተቀመጡት ቁጥሮች በዚያ ቀን አልተለወጡም። ስለዚህ የሜክሲኮን ቁጥር የሚያነብ ፕሮግራም የተሻሩትን መነሻዎች ጭምር ማወቅ ግድ ሆኖበታል።

ከዚህ የተነሣ «ዜሮን ጣል፣ የአገር ኮድ ጨምር» የሚለው ሕግ ለዓለም ሁሉ እንደማይሠራ ግልጽ ነው። በኢጣሊያ የመደበኛ ስልክ ዜሮ የቁጥሩ አካል ስለሆነች ከውጭ አገር ሲደወልም አትጣልም፤ የሮም ቁጥር +39 06 ተብሎ ይጻፋል። በሩሲያ የአገር ውስጥ መነሻው 8 ነው፤ በሃንጋሪ 06 ነው፤ በስፔን መነሻ የሚባል ነገር የለም። የእኛን ሕግ ለሌላው፣ የሌላውንም ለእኛ ማውረስ አይቻልም።

በር ላይ የሚቀረው ሰው

በአገራችን የሞባይል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1999 ከተጀመረ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ሞባይል ማለት 09 ማለት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ፕሮግራም የጻፈ ሰው «ቁጥሩ በ09 ካልጀመረ አትቀበል» ብሎ ቢጽፍ በጊዜው ትክክል ነበር። 07 ሲመጣ ግን ያ አንድ መስመር ትክክለኛ ስልክ የያዘውን ሰው በር ላይ የሚያስቀር ዘበኛ ሆነ። ሰውየው ቁጥሩን ይጽፋል፤ ቅጹ «የተሳሳተ ቁጥር» ይለዋል። ቁጥሩ የራሱ ነው፤ የትናንት ጥሪም በእርሱ ተቀብሏል። ቢሆንም ከማሽን ጋር ሙግት የለምና ትቶ ይሄዳል።

አንዳንድ ባልደረቦች ጥብቅ ማጣሪያ የጣት ስሕተትን ይከላከላል ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ አንድ አሃዝ የጎደለው ቁጥር ሲጻፍ ወዲያው መናገር ይጠቅማል። ይሁንና ሁለቱ ስሕተቶች ዋጋቸው እኩል አይደለም። የተሳሳተ ቁጥር ተቀብለን ማረጋገጫ መልእክት ብንልክ መልሱ ሳይመጣ ሲቀር ስሕተቱ ይታወቃል። ትክክለኛውን ቁጥር ስንመልስ ግን ስሕተቱ በየትኛውም መዝገብ አይገኝም፤ የተመለሰው ሰው ዱካ አይተውምና። የላቦራቶሪ ሠራተኛ የሚፈራው እንዲህ ያለውን ስሕተት ነው፦ መለኪያው የማያሳየውን። በውጭ አገር የሚኖረውም ኢትዮጵያዊ ለእናቱ ሕክምና ሊከፍል ሲሞክር ቅጹ +1 የሚጀምረውን ቁጥሩን አልቀበልም ቢለው ከዚሁ ዘበኛ ጋር ተገናኘ ማለት ነው።

ሌላም አለ። መነሻውን አይቶ «ይህ የእገሌ ኩባንያ ደንበኛ ነው» ብሎ መወሰንም አደገኛ ልማድ ነው። በብዙ አገሮች ደንበኛ ቁጥሩን እንደያዘ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ይዛወራል። ያ አሠራር በተፈቀደበት ሁሉ መነሻው ስለ ኩባንያው መናገሩን ያቆማል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ፕሮግራም የሚጽፉ ተማሪዎች የስልክ ቁጥርን እንደ ጽሑፍ ይመዝግቡት፤ በመጠን ዓምድ ውስጥ አያስቀምጡት። ለማስቀመጥ አንድ መልክ ብቻ ይኑር፤ እርሱም ከመደመር ምልክቱና ከአገር ኮዱ ጋር የተጻፈው ነው። ለአገር ውስጥ አንባቢ በ0 ጀምሮ ማሳየት ይቻላል፤ ይህ ግን የማሳያ እንጂ የማስቀመጫ መልክ አይደለም። ሰውየው በራሱ እጅ የጻፈውም እንዳለ ይቀመጥ፤ ነገ ሕጋችን ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ተመልሰን የምናነበው እርሱን ነውና።

ሁለተኛ፣ የአነባበብ ሕግ ከፕሮግራሙ ተለይቶ በሠንጠረዥ ይጻፍ። ጉግል በነፃ የሚያሰራጨው ሊብፎንነምበር የተባለው የፕሮግራም ስብስብ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ የእያንዳንዱን አገር መነሻ፣ የአሃዝ ብዛትና የኮድ ዝርዝር በሠንጠረዥ ይዞ ያነባል። «እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ነገር ካለ ምን አደከመን?» የሚል ይኖራል። መጠቀሙስ ተገቢ ነው። ነገር ግን ማንኛውም እንዲህ ያለ መሣሪያ 0115517700 ሲሰጠው «በየትኛው አገር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያንን የሚመልሰው ፕሮግራመሩ ነው። ሠንጠረዡም ከሰማይ አይወርድም። አንድ አገር አዲስ መነሻ ስትከፍት ተመልክቶ የሚያሳውቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ የኢትዮጵያን ለውጥ ከኢትዮጵያዊ ቀድሞ ማን ሊያውቅ ይችላል?

ሦስተኛ፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአገሪቱን የቁጥር ሥርዓት ሰው ከሚያነበው ሰነድ በተጨማሪ ኮምፒውተር በቀጥታ በሚያነበው ሠንጠረዥ ማውጣት ይጠበቅበታል። በእያንዳንዱ መነሻ አንጻርም ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ ቀኑ ይጻፍ። አንድ ገጽ የማይሞላ ሠንጠረዥ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ በተናጠል የሚጻፈውን ግምት ግን ሁሉ ይተካል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ይህን መሰል ነገር ለማስተማሪያነት ቢወስዱት ይጠቀማሉ። ተማሪ ስለ ቅድመ-ኮድ ንድፈ ሐሳብ ሲማር ምሳሌው ከሩቅ አገር መጽሐፍ ከሚመጣ፣ 025 እና 251 እንዴት እንደሚምታቱ በሰሌዳ ላይ ቢያይ ትምህርቱ ይበልጥ ይገባዋል።

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይላሉ አበው። የአገራችን ሰው በአባት ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አለመጠራቱን፣ ዓመታችን ከመስከረም፣ ሰዓታችን ከንጋት መጀመሩን ጎረቤት የሆነው ሶፍትዌር ባያውቅ፣ አንዳንዱ ጥፋት ከቤት ሆነን ባለመንገራችን ነው። የስልክ ቁጥር ከእነዚህ ሁሉ ይቀላል፤ ሕጉ አጭር ነው፤ ያለቀለትም ነው። ውድ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ የስልክ ቁጥር የሚቀበል ቅጽ ስትሠሩ ሦስት ቁጥሮችን ሞክሩበት፦ ዜሮዋ የወደቀችበትን የድሬዳዋ ቁጥር፣ በ07 የሚጀምር ሞባይል፣ እና በ+1 የሚጀምር የውጭ አገር ስልክ። ሦስቱንም በትክክል ካነበበ ቅጹ ለሥራ ደርሷል።